ከሌሊት በረራ በፊት አንድ ቀን በአዲስ አበባ፦ ከድሬዳዋ ለመጣ ጥያቄ የአስጎብኚ ምላሽ

ጠያቂው ከድሬዳዋ የጻፉልኝ ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኛ ናቸው። በጥር ወር መጨረሻ፣ ረቡዕ ማታ፣ ከባለቤታቸው ጋር ልጃቸውን ለመጠየቅ ወደ ዋሽንግተን ይበርራሉ፤ ቲኬታቸው ላይ የተጻፈው ሰዓት 22፡30 ነው። አዲስ አበባ የሚገቡት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሲሆን ቦሌ አካባቢ ለአንድ ሌሊት ሆቴል ይዘዋል። ሁለቱም ከተማዋን የሚያውቋት ለሕክምናና ለጉዳይ በመጡ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ረቡዕን ለጉብኝት ሊያውሉት አስበዋል። ባለቤታቸው እንጦጦ ማርያምን መሳለም ይሻሉ፤ እሳቸው የምኒልክን ግቢና የድሮውን የባቡር ጣቢያ ለገሃርን ማየት ይፈልጋሉ፤ ልጃቸው ደግሞ መርካቶ ሄደው የሐበሻ ቀሚስ እንዲገዙላት ጠይቃለች። ባለቤታቸው ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ይህ ሁሉ በረራው ሳያመልጥና ሰው ሳይደክም በአንድ ቀን ይሆናል ወይ የሚል ነው ጥያቄው።

መርካቶን ከተዋችሁት ይሆናል። መርካቶ በራሱ ቀን መታየት ያለበት ቦታ ነው። ሰፊ ነው፣ ሰውና ጭነት ይተራመስበታል፣ መኪና ገብቶ ለመውጣት የሚፈጀው ጊዜ አስቀድሞ አይታወቅም፤ ማታ አውሮፕላን የሚጠብቀው ሰው ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው አስቀድሞ የሚታወቅ ጊዜ ነው። ቀሚሱን የምትገዙበት ሌላ ቦታ ከመንገዳችሁ ላይ ስላለ የልጃችሁ ጥያቄ ሳይመለስ አይቀርም፤ እሱን ከታች አነሣዋለሁ።

የቀናችሁን አካሄድ የሚወስነው የከተማዋ አቀማመጥ ነው። አዲስ አበባ በሰሜን ከእንጦጦ ተራራ ጀምራ ወደ ደቡብ ቁልቁል የወረደች ከተማ ናት፤ አውሮፕላን ማረፊያው ከታች በደቡብ ምሥራቅ በኩል ይገኛል። ማየት የምትፈልጓቸው ቦታዎች ሁሉ፣ እንጦጦ ማርያም፣ ሽሮ ሜዳ፣ ስድስት ኪሎ፣ አራት ኪሎ፣ ግቢውና ለገሃር፣ ከላይ ወደ ታች በአንድ መስመር ላይ የተደረደሩ ናቸው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ስለዚህ ጠዋት መንገዱ ገና ሳይጨናነቅ አንድ ጊዜ ወደ ላይ ወጥታችሁ ቀኑን ሙሉ እየወረዳችሁ ትመጣላችሁ፤ እያንዳንዱ ማረፊያ ከፊተኛው ይልቅ ወደ ቦሌ ያቀርባችኋል። ቢደክማችሁ ወይም መንገድ ቢዘጋ የቀረውን ትታችሁ ወደ ሆቴላችሁ ለመመለስ ከተማውን ማቋረጥ አያስፈልጋችሁም። ብዙ ሰው ከሆቴሉ የሚቀርበውን አስቀድሞ ሩቁን ለከሰዓት ያቆየዋል፤ ከዚያም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ፣ መሥሪያ ቤቶች በሚለቀቁበት ጊዜ፣ ከላይኛው የከተማው ጫፍ ወደ ቦሌ ሲወርድ በመኪና ሰልፍ ውስጥ ይያዛል።

ወደ ጉብኝቱ ከመግባቴ በፊት በጥያቄዎ ውስጥ ያላነሡትን አንድ ነገር ላንሣ፤ እኔ ከሁሉም አስቀድሜዋለሁ። ሆቴሉን የያዛችሁት ለማክሰኞ ሌሊት ብቻ ከሆነ ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ፣ 6 ሰዓት ገደማ፣ ክፍሉን አስረክቡ ትባላላችሁ። ያን ጊዜ እናንተ አራት ኪሎ አካባቢ ትሆናላችሁ፤ ከዚያ በኋላ እስከ በረራው ድረስ ፊት የምትታጠቡበትም ጋደም የምትሉበትም ቦታ አይኖራችሁም። ስለዚህ ዛሬውኑ ደውላችሁ ክፍሉ እስከ ረቡዕ ምሽት 1 ሰዓት በእጃችሁ እንዲቆይ ተነጋገሩ፤ ብዙ ሆቴሎች በግማሽ ቀን ሒሳብ ይስማማሉ፤ እምቢ ካሉም የሁለተኛውን ሌሊት ከፍላችሁ ያዙት። ወጪ መቀነስ ካለባችሁ ከሌላ ነገር ላይ ቀንሱ እንጂ ከዚህ ላይ አትቀንሱ። ከ15 ሰዓት የሚበልጥ ጉዞ የሚጠብቃቸው በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስት ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ተኝተው፣ ገላቸውን ታጥበው፣ ንጹሕ ልብስ ለብሰው አውሮፕላን ሲገቡ ጉዞው ሌላ ጉዞ ይሆናል።

ለመጓጓዣ አንድ መኪና ከነሾፌሩ ለቀኑ በኮንትራት ያዙ። ራይድ ወይም ፈረስ የሚባሉትን በስልክ የሚጠሩ ታክሲዎች እየጠሩ መሄድ በመሀል ከተማ ይመቻል፤ ከእንጦጦ ሲወርዱ ግን መኪና ለማግኘት መጠበቅ ሊኖር ይችላል። ባለቤትዎ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ስለሆነም በር ላይ የሚጠብቅ መኪና መኖሩ ዋጋ አለው። ሒሳቡን ከመነሣታችሁ በፊት፣ የነዳጁን፣ የመጠበቂያውንና የመኪና ማቆሚያውን ጨምሮ ተስማሙ፤ ጉብኝቱ የሚያልቀውም ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል መሆኑን ንገሩት። ሻንጣችሁን ክፍላችሁ ውስጥ ቆልፋችሁ ተዉት፤ መኪና ላይ ጭናችሁ አትዙሩ። ፓስፖርታችሁ በሆቴሉ ካዝና ይቀመጥ፤ መግቢያዎች ላይ ለማሳየት የነዋሪነት ወይም የፋይዳ መታወቂያችሁ ይበቃል።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ከቦሌ ከተነሣችሁ 2 ሰዓት ከሩብ ገደማ እንጦጦ ትደርሳላችሁ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ከተማ ናት፤ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ለደጋ ሰው እንኳ ትንሽ ዳገት ትንፋሽ ያሳጥራል። ማክሰኞ ሌሊቱን አዲስ አበባ ማደራችሁ በዚህ በኩል ይጠቅማችኋል፤ ቢሆንም ከመኪናው ስትወርዱ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ፤ ራስ ምታት ወይም የልብ ምት መፍጠን ከተሰማችሁ ሳትከራከሩ ወደ ታች ውረዱ። ባለቤትዎ የደም ግፊት ካለባቸው ወደ እንጦጦ መውጣቱን አስቀድመው ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩበት። የጥር ጠዋት በዚያ ከፍታ ይበርዳል፤ ለሳቸው ጋቢ፣ ለእርስዎ ወፍራም ሹራብ ከድሬዳዋ ይዛችሁ ኑ፤ አውሮፕላን ውስጥም ይጠቅማችኋል።

ወደዚህ ተራራ የማመጣችሁ ለመሳለም ብቻ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ የጫኑት በዚሁ በእንጦጦ ማርያም በ1882 ዓ.ም. ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለው የቀድሞው ቤተ መንግሥት ሲያዩት ቤተ መንግሥት አይመስልም። ግድግዳው ጭቃና ድንጋይ፣ ጣሪያው እንጨትና ሣር፣ በሩ ዝቅ ያለ የባላገር አዳራሽ ነው። ከበሩ ጎንበስ ብለው ገብተው ዓይንዎ ጨለማውን እስኪለምድ ቆም ይበሉና ቀና ብለው የጣሪያውን አሠራር ይመልከቱ፤ የዓድዋን ጦርነት የመሩት ንጉሥ የኖሩት እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ መሆኑን በመጽሐፍ ማንበብና እዚያ ቆሞ ማየት ልዩነት አለው። እንጦጦ ለጦርነት የተመቸ፣ ለኑሮ ግን ብርዱና የማገዶው እጦት ያስቸገረ ቦታ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍል ውሃ እየወረዱ በሙቀቱ ተማርከው እዚያ ቤት ያሠሩትና ቦታውን አዲስ አበባ ያሉት በ1879 ዓ.ም. ነው። እናንተም በዚያ ቀን የምትጓዙት ከተማዋ ራሷ በወረደችበት መንገድ ነው ማለት ይቻላል፤ ይህን አስባችሁ ብትወርዱ የምታዩት ሁሉ እርስ በርሱ ይያያዝላችኋል። የባሕር ዛፉ ደን የመጣውም ያ የማገዶ እጦት ባስከተለው ችግር በምኒልክ ዘመን ነው። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ውብ ነው፤ ነገር ግን በእግር ለሚሄድና ጊዜ ላለው ሰው ስለሆነ በመኪና አልፋችሁ ከምታዩት በላይ አትግቡበት።

ከ4 ሰዓት በፊት ከእንጦጦ ብትነሡ ወዲያው ሽሮ ሜዳ ላይ ትደርሳላችሁ። የሐበሻ ልብስ የሚፈልግ ሰው ወደ መርካቶ መሄድ የማያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። ሱቆቹ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል፤ ቀሚሱ፣ ነጠላው፣ ጋቢው፣ የሕፃናት ልብሱ ሁሉ አለ። ባለቤትዎ ጥለቱን በብርሃን ዘርግተው ከፊቱም ከጀርባውም ይዩት፤ የእጅ ሥራ ጥልፍ በጀርባው በኩል ክሩ ሲመላለስ ይታያል፤ የሸማኔ ጥለት ከሆነም ከጨርቁ ጋር አብሮ የተሠራ መሆኑን ጣት ይነግራቸዋል። የልጃችሁን የትከሻና የወገብ ልክ በቁጥር ጽፋችሁ ያዙ። ለዚህ ግማሽ ሰዓት መድቡ፤ ሁለት ሱቅ አይታችሁ ከሁለተኛው ግዙ፤ ከዚያ በላይ መዞር ጉልበት ያባክናል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ የድሮ መስቀል፣ ሥዕል ወይም የብራና መጽሐፍ የሚያቀርብላችሁ ነጋዴ ቢኖር አትግዙ። ቅርስ ወይም ቅርስ የሚመስል ዕቃ ከአገር ለማውጣት የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ሻንጣችሁ ቦሌ ላይ ተከፍቶ ለማስረዳት ትቆማላችሁ።

ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ስትወርዱ በስድስት ኪሎ አደባባይ ዙሩ፤ መካከሉ ላይ የቆመው ሐውልት የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ፋሽስት ጣልያን በአዲስ አበባ ነዋሪ ላይ የፈጸመውን ጭፍጨፋ የሚያስታውሰው ነው። ከዚያ በታች፣ አራት ኪሎ ሳትደርሱ፣ ብሔራዊ ሙዚየም አለ። ብዙ አስጎብኚዎች በዚህ መስመር ሦስት ሙዚየም ያስገባሉ፤ እኔ አንድ ብቻ፣ እሱንም ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ እመክራለሁ፤ ሙዚየም ውስጥ እየቆሙ መራመድ ከመንገድ ይልቅ ጉልበትን ያደክማል። በምድር ቤቱ ያለውን የድንቅነሽን ክፍል ቀድማችሁ ግቡ። ኅዳር 1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው፤ ከአጽሟ የተገኘው 40 በመቶ ገደማ ነው። ቁመቷ ከ1 ሜትር ብዙም እንደማይበልጥ ስታዩ መገረማችሁ አይቀርም፤ ከጎኗ ስትቆሙ ከወገባችሁ ትንሽ ከፍ ትላለች። ከዚያ ወደ ላይ ወጥታችሁ የነገሥታቱን ዘውዶችና ትልቁን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የእንጨት ዙፋን አይታችሁ ውጡ። ፎቆቹን ሁሉ ካልጨረስን ብላችሁ አትድከሙ።

ምሳችሁን 6 ሰዓት ላይ አራት ኪሎ አካባቢ ብሉ። ቀኑ ረቡዕ በመሆኑ የምትጾሙ ከሆነ በየዓይነቱ ለሆድ ቀላል ነው፤ የማትጾሙ ብትሆኑም በዚያ ቀን ጥሬ ሥጋና ቅባት የበዛበትን ምግብ ተዉት። የጾም ምግብ አውሮፕላን ላይም የምትፈልጉ ከሆነ ከበረራው ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ለአየር መንገዱ ነግራችሁ አስመዝግቡ፤ ከተሳፈራችሁ በኋላ መጠየቅ አይሠራም።

ከምሳ በኋላ የሚቀራችሁ እርስዎ የጓጉለት ግቢ ነው። የምኒልክ ቤተ መንግሥት ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ለሕዝብ ተዘግቶ ቆይቶ አንድነት ፓርክ በሚል ስም በ2012 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ ተከፍቷል። ሆኖም የመንግሥት እንግዳ ሲኖር ሊዘጋ ስለሚችል ከዋዜማው ደውላችሁ አረጋግጡ። በተለይ በየዓመቱ በየካቲት መጀመሪያ የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ ስለሚካሄድ በዚያ ሰሞን የመሀል ከተማ መንገዶችም ይዘጋጋሉ፤ የእናንተ ቀን ከዚያ ቀደም ማለቱ መልካም ነው። ግቢው ሰፊና ቁልቁለት ያለበት በመሆኑ ባለቤትዎ የተቀመጡባቸውን ወንበሮች እየቆጠሩ እንጂ የተራመዱትን እየቆጠሩ መሄድ የለባቸውም፤ ሁሉንም ለማየት አትሞክሩ። እኔ ብሆን ሦስት ቦታ እመርጥላችኋለሁ፦ የምኒልክን የግብር አዳራሽ፣ እንቁላል ቤት የሚባለውን ማማ ያለበት የንጉሡን ቤትና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ዙፋን ቤት። በግብር አዳራሹ ውስጥ መሀል ላይ ቆመው ርዝመቱን በዓይንዎ ይለኩት። ንጉሡ ሹማምንቱንና ሠራዊቱን በየተራው ያበሉበት አዳራሽ ነው፤ ጠዋት እንጦጦ ላይ ጎንበስ ብለው ከገቡበት ቤት ጋር ሲያወዳድሩት አገሪቱ በአጭር ጊዜ ውስጥ ምን ያህል እንደተለወጠች ይገባዎታል። በዚሁ ግቢ ደርግ የቀድሞ ባለሥልጣናትን አስሮበታል፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሕይወታቸው ያለፈው በ1967 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ እዚያው በእስር ሳሉ ነው። ባለቤትዎ ከደከማቸው ጥቁር ጎፈር ያላቸውን አንበሶች የሚያዩበት አካባቢ ተቀምጠው ይጠብቁዎት።

ለገሃርን በመጨረሻ ያስቀመጥኩት ወደ ቦሌ መመለሻ መንገዳችሁ ላይ ስለሆነ ነው፤ ለእርስዎ ግን ከመንገድ በላይ እንደሚሆን አውቃለሁ። ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በዚያው ባያችሁት ዘመን፣ በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ደረሰ፤ ከተማችሁንም ፈጠረ። ከዚያ ግን በገንዘብና በፖለቲካ ውዝግብ ታግዶ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ማለትም ድሬዳዋ ዋና ከተማዋን 14 ዓመት ገደማ ቀድማ ባቡር አይታለች። በጣቢያው ፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ጣልያኖች ነቅለው ሮም ወስደውት የነበረና በኋላ የተመለሰው ነው፤ ዘርዓይ ደረስ በ1930 ዓ.ም. በሮም የተቆጣው በዚሁ አንበሳ ፊት ነበር። ከመኪና ወርደው ፎቶ ተነሥተው 15 ደቂቃ ቢቆዩ ይበቃል። የዓድዋ ድል መታሰቢያን በዚህ ዕቅድ ውስጥ ያላስገባሁት ፒያሳ ላይ ስለሆነና በደንብ ለማየት ግማሽ ቀን ስለሚፈልግ ነው፤ ስትመለሱ እዩት።

ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል በኋላ ጉብኝት የለም። እዚህ ላይ የሚመጣውን ፈተና ከወዲሁ ልናገር፤ አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቻችሁ መምጣታችሁን ሲሰሙ ምሳ ቤታችን ካልበላችሁ ይላሉ፤ የአንዱ ቤት አያት ሰፈር፣ የሌላው ጀሞ ሰፈር ይሆናል። የአንዱን ተቀብሎ የሌላውን መተው ቅያሜ ያመጣል፤ ሁለቱንም መቀበል ቀኑን ይበላዋል። ለሁሉም አንድ መልስ ስጡ፦ ረቡዕ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሆቴላችን መጥታችሁ ቡና አብረን እንጠጣና ሸኙን። እናንተ ከ10 እስከ 11 ሰዓት ተኩል ትተኛላችሁ፤ እነሱም ቢመጡ የሚሰናበቱት በተረጋጋ ቦታ ነው። ቦሌ ድረስ ቢከተሏችሁ ሸኚ ወደ ተሳፋሪ አዳራሹ ስለማይገባ ስንብቱ ከበር ላይ በጥድፊያ ይሆናል።

የበረራው 22፡30 በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ነው። ምሽት 1 ሰዓት ላይ ተርሚናሉ በር ላይ ሁኑ። የመልሱ ቲኬታችሁ ላይ ያለው ሰዓት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከሆነ ደግሞ ቀኑን ሁለት ጊዜ አንብቡት፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑ የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ በመሆኑ አርብ 00፡30 የሚል ቲኬት ሐሙስ ማታ መሄድን ይጠይቃል፤ በዚህ ምክንያት በረራ ያመለጣቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ለባለቤትዎ ተሽከርካሪ ወንበር አሁኑኑ በአየር መንገዱ ቢሮ አስመዝግቡ፤ አገልግሎቱ ያለ ክፍያ ነው። የሚጠቅመውም ቦሌ ላይ ብቻ ሳይሆን ዋሽንግተን ስትደርሱ ነው። እዚያ የኢሚግሬሽን ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ወንበሩን የሚገፋው ሠራተኛ ሁለታችሁንም ይዞ ይመራችኋል፤ የቋንቋ ችግርም ይቀልላችኋል።

በሻንጣው በኩል፣ ወደ አሜሪካ ለእያንዳንዳችሁ 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ይፈቀዳሉ፤ ድሬዳዋ ሳላችሁ መዝናችሁ ኑ፤ ለቀሚሱም ቦታ ተዉለት። በርበሬና ሽሮ በደንብ ታሽጎ ይሄዳል፤ ማር እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠር በእጅ ሻንጣ አትያዙት። ቋንጣ ግን ወደ አሜሪካ አይገባም፤ የያዛችሁትን ምግብ ሁሉ ለጉምሩክ ሠራተኛው ተናገሩ፤ አለመናገር ያስቀጣል። መድኃኒታችሁ ከነማዘዣው በእጃችሁ ይሁን።

ስለ በረራው የሚቀረኝ ይህ ነው። ቦሌ ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነና በስስ አየር አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅ ተሸክሞ ለመነሣት ስለሚከብደው ወደ ሰሜን አሜሪካ የሚሄዱት በረራዎች አብዛኛውን ጊዜ በመንገድ አንድ ቦታ ለነዳጅ ያርፋሉ። ሲያርፍ ደርሰናል ብላችሁ እንዳትነሡ፤ አስተናጋጆቹ ውረዱ ካላሉ በቀር በመቀመጫችሁ ቆዩ። በአየር ላይ ያለው የክፍሉ አየር ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ እንደመሆን ያህል ስለሆነ ረቡዕን አዲስ አበባ በደህና የዋሉት ባለቤትዎ በዚህ በኩል አይቸገሩም። የሚያስቸግረው መቀመጡ ነው፤ ደም በእግር ውስጥ እንዳይረጋ በየሁለት ሰዓቱ ተነሥተው በመተላለፊያው ይራመዱ፣ ቁርጭምጭሚታቸውን ያንቀሳቅሱ፣ ውኃ ይጠጡ። ለዚህም ሲባል የመተላለፊያውን መቀመጫ ለሳቸው፣ ከሱ ቀጥሎ ያለውን ለእርስዎ አስይዙ።